በዚህ ጊዜ ቤቱን ዘግቶ የሚጸልይ ክርስቲያን ፈሪ ነው? (ክርክር)

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እሁድ ገብር ኄር ነበር፤ የዐቢይ ጾም ስድስተኛ እሁድ፣ የመክሊቱ ምሳሌ የሚነበብበት። ከቅዳሴ በኋላ እዚህ ጎንደር ጃን ተከል ዋርካ አጠገብ ቆመን የጀመርነው ጭቅጭቅ አላለቀም፤ እዚህ እንቀጥለው። ላልነበራችሁ ባጭሩ፦ ከድሮ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች የተወሰኑት "በየቅዳሜው ሆስፒታል ሄደን አስታማሚ የሌላቸውን ሕመምተኞች እንጠይቅ" የሚል ሐሳብ አመጡ። ግማሹ "እሰይ" አለ። ግማሹ ደግሞ "በዚህ ጊዜ? እገታ እየተሰማ? ጸሎት አይበቃም?" አለ። አንዱ ከመሃል "ይሄ ፍርሃት ነው፤ ፍርሃት ደግሞ ኃጢአት ነው" ሲል ነገሩ ጦፈ። ጥያቄው እሱ ነው። መሳደብ የለም። ስብከት ከሌላ ቦታ ገልብጦ መለጠፍም የለም።

የአዘዞው አባወራ፦
"ፈሪ" የተባልኩት እኔ ስለሆንኩ እኔው ልጀምር። ሦስት ልጆች አሉኝ። ትልቁ ትንሽ ሲያመሽ እናቱ በር ላይ ቆማ ነው የምትጠብቀው። እገታ የሚባል ነገር በሰማንበት ዘመን "ውጡ፣ አትፍሩ" ማለት ለወሬ ይቀላል። ጎመን በጤና ያሉት አባቶቻችን ሞኞች አልነበሩም። እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ፣ አስራቴን አወጣለሁ፣ የሰው አልነካም። ምን ጎደለኝ? ጌታ ራሱ "እንደ እባብ ልባሞች ሁኑ" ብሎ የለ? እመቤታችን ልጇን ይዛ ከሄሮድስ ስትሸሽ ፈሪ ያላት አለ?

ደቀ መዝሙሩ (ከበአታ)፦
ጋሼ፣ አንቱን ፈሪ ያለ ተሳስቷል፤ እኔም ያኔ ቆሜ ስሰማ አፍሬያለሁ። ስደቱን ማንሳትዎም ልክ ነው። ግን የዕለቱን ወንጌል አይዝለሉብኝ። ያ አንድ መክሊት የተቀበለ ሰው እኮ አልሰረቀም። አልጠጣበትም፣ አላባከነም። ቀበረው፤ ሲጠየቅም ሳያጎድል መለሰ። ምክንያቱን በራሱ አፍ ተናገረ፤ "ፈራሁ" አለ። ጌታው ሌባ አላለውም። "ክፉና ሀኬተኛ" አለው። "የሰው አልነካሁም" የሚለው መልስ ቢያድን ኖሮ ያ ሰውዬ በዳነ ነበር። ከወንጌል ሁሉ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ክፍል ነው።

የአዘዞው አባወራ፦
ልጄ፣ መልካም ብለሃል። ግን አንተ ልጅ የለህም።

ደቀ መዝሙሩ (ከበአታ)፦
እሱስ እውነት ነው።

ባለ ባጃጁ፦
እኔ ትምህርቱን አልችልም፤ የማውቀውን ልናገር። ከመሸ አልሠራም። ይሄ ፍርሃት ከሆነ አዎ ፈሪ ነኝ። ግን ከፒያሳ ማራኪ በቀን ስንቴ እንደምመላለስ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ "በዚህ ጊዜ" እያልን የምንቀርበት ነገር ሁሉ በጊዜው ምክንያት አይደለም። ሠርግ ሲጠራ ማን ቀረ? የፋሲል ከነማ ጨዋታ ሲኖር ማን ቀረ? እኔ እኮ ነኝ የማመላልሳችሁ። ሆስፒታል ሲባል ነው ጊዜው የሚከፋው። ሃቁን እንነጋገር እንጂ።

የታሪክ መምህሯ፦
ሳቄ አመለጠኝ። እኔ ሁልጊዜ የሚከነክነኝን ላንሳ። እኛ ጎንደሬዎች ደብረ ብርሃን ሥላሴን ስናስጎበኝ የንቦቹን ነገር ሳንተርክ አናልፍም። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ (የሱዳን ማህዲስቶች ጦር) ከተማዋን ሲያቃጥል ንብ ወጥቶ አባረራቸው፣ ቤተ ክርስቲያኗም ተረፈች እንላለን። እኔም እተርካለሁ፤ ደስም ይለኛል። ግን ያኔ የተቃጠሉት ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናትስ? እዚያ የሚጸልይ አልነበረም? እዚያ ያሉት ካህናት እምነት አንሷቸው ነበር? "አትፍሩ፣ ምንም አትሆኑም" የሚል ሰው ይሄን ይመልስልኝ። እምነት ምንም አለመሆን ከሆነ ሰማዕታቱን ምን ልናደርጋቸው ነው?

ለዚህ ነው "አትፍራ፣ ይጠብቅሃል" ብቻ የሚለው ስብከት የማይጥመኝ። ሰውየው አንድ ቀን አንድ ነገር ይደርስበታል፤ ከዚያ እምነቱም አብሮ ይወድቃል። ንብ ትላክልናለች ብሎ መቀመጥም ያው የሥጋት ወንድም ነው፤ ሁለቱም እጅን አጣጥፎ ያስቀምጣል።

ወንጌላዊው ወንድም፦
እኔ የወንጌላውያን አማኝ ነኝ፤ የሰፈር ልጅ ነህ ብላችሁ ስላስገባችሁኝ አመሰግናለሁ። እህቴ ያለችው ልቤን ነክቶታል። እኛም ዘንድ ያ ስብከት ሞልቷል። "እግዚአብሔር የኃይልና የፍቅር ራስንም የመግዛት መንፈስ እንጂ የፍርሃት መንፈስ አልሰጠንምና" የሚለውን ግድግዳ ላይ የማይሰቅል የለም። ግን ደብዳቤውን እስከ መጨረሻ የሚያነብ ጥቂት ነው። ጳውሎስ ያን ሲጽፍ እስር ቤት ነው። ዴማስ ትቶት ሄዷል። "ሉቃስ ብቻ ከእኔ ጋር አለ" ይላል። ከዚያ ጢሞቴዎስን ምን ይለምነዋል? ቶሎ ና፣ በጢሮአዳ የተውኩትን በርኖስና መጻሕፍቱን አምጣልኝ፣ ከክረምት በፊት ድረስልኝ። በቃ። ጥቅሱን ሰቅለናል፤ እስረኛው የሚጠብቀው ግን በርኖሱን ነበር።

አወያይ፦
ወንድሜ፣ ይሄን አስቤው አላውቅም ነበር። አወያይ ነኝና ልዳኝ አይገባኝም፤ ግን ይቺኛዋ ነጥብ ያዘች።

ነርሷ፦
ከሥራ ገና መውጣቴ ነው፣ አሁን አነበብኳችሁ። ስለማን እንደምትከራከሩ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ማንም አልጠቀሰውም።

ሰሊጥ አጨዳ መተማ፣ ቋራ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች አሉ። በግራር ሥር፣ በተሰነጣጠቀ ዋልካ መሬት ላይ ያድራሉ። የአሸዋ ዝንብ ይነክሳቸዋል፤ ካላዛር ይዟቸው ይመጣሉ። ትኩሳቱ ሳምንታት ይቆያል፣ ሰውነታቸው ያልቃል፣ ሆዳቸው ብቻ ይነፋል። ሕክምናው በየቀኑ መርፌ ነው፤ የተለመደው 17 ቀን ይፈጃል። መርፌው ያማል። አብዛኛው ገና ለጋ ወጣት ነው።

ፎርም ስሞላ "አስታማሚህ ማነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። "ሰው የለኝም" ይላል። ይህቺን ቃል ደቀ መዝሙሩ ያውቃታል፤ ከሁለት ሳምንት በፊት በጾሙ አራተኛ እሁድ፣ መፃጉዕ ላይ የተነበበችው ናት። 38 ዓመት አልጋው ላይ የነበረው ሰውዬም ያላት እሷኑ ነው። ቅዳሴ ላይ ሰምተን እንባችን መጣ። ሰኞ ሥራ ስገባ ያው ቃል ከአንድ የ19 ዓመት ልጅ አፍ ወጣ። ቤተሰቦቹ ሩቅ አገር ናቸው፤ ስልኩ ውስጥ ካርድ የለም። ከዘመድ የሚመጣ ምግብ ስለሌለው ጎረቤት አልጋ ያለች እናት ናት የምታጎርሰው፤ እሷም የራሷን ልጅ እያስታመመች።

ሌላ ደግሞ። አንዳንዶቻችሁ በውስጥ "ሕመሙ አይይዘንም ወይ?" ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። እጁን በመጨበጥ፣ አጠገቡ በመቀመጥ አይተላለፍም። የምታስተላልፈው ዝንቧ ናት። ግማሹ ፍርሃት እንዲህ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚጠፋ ነው። ማንም ጮክ ብሎ ስለማይጠይቅ ነው የሚከርመው።

የቀበሌ 18 ልጅ፦
እትዬ፣ ሆዴን አላወሽው። እኔ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ይሄ "ፍርሃትን አሸንፉ" የሚባለው ነገር ለእኛ ለሴቶች ሲደርስ ይገለበጣል። ሐሳብ ስናመጣ "ጨዋ ልጅ ዝም ትላለች" እንባላለን። ዝም ስንል "ወጣቱ ደነዘዘ" እንባላለን። ይህቺን የቅዳሜ ሐሳብ ያመጡት አብዛኞቹ ሴቶች መሆናቸውን አወያዩም አላነሳውም።

አወያይ፦
አሁን ተነሣ።

የታሪክ መምህሯ፦
እኔ ልጨምርላት። ሱስንዮስ በ1622 እ.ኤ.አ. የካቶሊክን እምነት በይፋ ሲቀበል ስንቱ መኳንንት ነው አንገቱን ደፍቶ የተከተለ? ወለተ ጴጥሮስ ግን ባሏ የንጉሡ ባለሟል ሆኖ ሳለ ቤቷን ትታ ወጣች። ተከሰሰች፣ ታሠረች፣ ተጋዘች። ንጉሡ በ1632 ሃይማኖቱ እንዲመለስ አውጆ ዙፋኑን ለፋሲለደስ ለቀቀ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ይቺ ከተማ ተቆረቆረች። ቤተ መንግሥቱን እያስጎበኘን የምንኖረው ልጆች ይህቺን ሴት በቅጡ አናነሳትም።

ግምጃ ቤቱ፦
ብዙ ጊዜ እዚህ ዝም እላለሁ። ዛሬ ግን ልናገር። ከዚህ ቀደም የምሠራበት አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ያልገባ ዕቃ እንደገባ አድርጌ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) እንድቆርጥ ተጠየቅሁ። አልቆርጥም አልኩ። ጀግና ስለሆንኩ አይደለም፤ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ድምፄም አልወጣም። "ዕቃውን ካላየሁ አልፈርምም" ብዬ ወጣሁ። ወዲያው ከቦታዬ ተነሳሁ፣ አበሌም ቀረ። ሚስቴ አራስ ነበረች።

ከሁሉ የከፋው ግን አለቃዬ አልነበረም። ሰንበቴ ላይ የማከብራቸው ሰዎች "አንተ ማን ነህና? ሁሉም የሚያደርገውን ነው" አሉኝ። እነዚያው ሰዎች ናቸው ስለ ሰማዕታት ሲወራ የሚያለቅሱት። ስለዚህ "አትፍራ" የምትሉ ሁሉ፣ ሰውየው ካልፈራ በኋላ የት ናችሁ? የልጁን ወተት ማን ይገዛል? እናንተ ይሄን ካልመለሳችሁ ጋሼ ቤታቸውን ዘግተው ቢጸልዩ አልፈርድባቸውም።

ባለ ባጃጁ፦
ይሄኛው ነገር ነው። ሰውን ብቻውን ወደፊት ገፍቶ "በርታ!" ማለት ምን ይሉታል።

ደቀ መዝሙሩ (ከበአታ)፦
ግምጃ ቤቱ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው እሁድ የአይሁድ አለቃው ኒቆዲሞስ የሚታሰብበት ነው። እሱን ሰው ሁሉ "ወደ ጌታ በሌሊት የመጣው" ብሎ ያልፈዋል። እውነት ነው፣ አይሁድን ፈርቶ በሌሊት መጣ። ግን እዚያ አልቀረም። በሸንጎ ተቀምጠው ጌታን ሊይዙት ሲመክሩ "ሕጋችን ሰውን ሳይሰማ ይፈርዳልን?" አለ። ሙሉ ምስክርነት አይደለም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። እሱንም "አንተም ደግሞ ከገሊላ ነህን?" ብለው አፋቸውን ከፈቱበት። በመጨረሻ፣ "ብሞት እንኳ አልክድህም" ያለው ጴጥሮስ በሸሸበት ቀን፣ የጌታን ሥጋ ሊቀብር መቶ ንጥር ሽቱ ይዞ በአደባባይ የመጣው ይሄ ፈሪ ነው። ከአርማትያሱ ዮሴፍ ጋር ሆኖ። ብቻውን አይደለም።

የአዘዞው አባወራ፦
አሁን ተግባባን መሰለኝ። እኔ ያስቆጣኝ ሐሳቡ አልነበረም፤ አነጋገሩ ነው። "ያልመጣ ክርስቲያን አይደለም" ተባለ። እንዲህ ያለ ነገር ሰውን ቤቱ ያስቀምጠዋል እንጂ አያወጣውም። ፈሪ ሲሰደብ የበለጠ ይፈራል፤ ወይ ደግሞ ለጉራ ብሎ ይወጣና ሌላ ጣጣ ያመጣል።

አሁንም አቋሜን አልቀየርኩም። ጥንቃቄ ኃጢአት አይደለም። ግን "ጸሎት አይበቃም?" ብዬ የተናገርኩት ላይ ደቀ መዝሙሩ ያዘኝ። ለዚያ ለ19 ዓመት ልጅ ልጸልይለት እችላለሁ፤ የስልክ ካርዱን ግን በጸሎት አልሞላለትም። ልጄ ይምጣ። በቀን ይሁን፣ በቡድን ይሁን፣ ከ11 ሰዓት በፊት ቤቱ ይግባ። ይሄ ካልተሟላ አልልክም፤ ማንም ደግሞ ፈሪ አይበለኝ።

ነርሷ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። በቀን ነው፤ ከሰዓት በኋላ የጥየቃ ሰዓት አለ። ሃያ ሆናችሁ እንዳትመጡ ብቻ፤ ጥበቃው አያስገባችሁም፣ ሕመምተኛውም ይታፈናል። አራት አራት ሆናችሁ ተራ ግቡ። ሳሙና፣ የስልክ ካርድ፣ ሙዝ። ነጠላ ጫማ የሌለውም አለ። ምግብ ከማምጣታችሁ በፊት ጠይቁኝ፤ ለሁሉም አይፈቀድም። ቁጭ ብላችሁም አውሩት እንጂ ከራስጌው ቆማችሁ አትስበኩት።

የቀበሌ 18 ልጅ፦
ስም እየመዘገብኩ ነው። ግምጃ ቤቱ የሳሙናውንና የካርዱን ብር ቢይዝልን? ያለ ደረሰኝ የማይፈርም ሰው አገኘን እኮ።

ግምጃ ቤቱ፦
እይዛለሁ። ግን ለታማሚዎቹ ብቻ ከሆነ አልስማማም። ከሥራው ለተፈናቀለ ወይም ለተቸገረ የቡድኑ ሰውም ትንሽ ይቀመጥ።

ባለ ባጃጁ፦
ይቀመጥ። የመጀመሪያውን ቅዳሜ አራቱን ሰው በነጻ አደርሳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነዳጅ ታግዙኛላችሁ። አንድ ነገር ግን፦ አልጋው ላይ የተኛውን ልጅ ፎቶ አንስቶ ፌስቡክ ላይ የሚለጥፍ ካለ ባጃጄ ላይ አይወጣም።

የድሮ መዘምር፦
እንዴ፣ ፎቶ ካልተለጠፈ ሌላው በምን ይማራል? ሥራችሁ ለሰው ይብራ ተብሏል እኮ።

ነርሷ፦
ወንድሜ፣ "ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ" የሚለውም እዚያው ስብከት ላይ ነው። ልጁ ደግሞ ፈቃድ አልሰጠም።

አወያይ፦
የፎቶው ነገር ሌላ ክርክር ነው፤ ለብቻው እከፍተዋለሁ። ለቅዳሜ እስካሁን ሦስት ሰው ተመዝግቧል፤ አንድ ቦታ ቀርቷል።