የሃይማኖት ጥናት ማስተርስ መማር ለሚፈልግ ሰው ስኮላርሺፕ አለ? (ከደሴ)

ቦሩሜዳ27፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ትንሽ ስለሚረዝም ታገሱኝ። ደሴ ነኝ፣ ሁለተኛ ደረጃ ታሪክ አስተምራለሁ፣ ዲግሪዬም ታሪክ ነው። ማስተርስ መማር ምፈልገው ግን በሃይማኖት ጥናት ነው፣ በተለይ የወሎ መንዙማና በዓጀም (አማርኛን በዓረብኛ ፊደል መጻፍ ማለት ነው) የተጻፉ ኪታቦች ላይ። ለሰው ስናገር ግማሹ ሸህ ልትሆን ነው ይለኛል፣ ግማሹ በዚህ ማን ይቀጥርሃል ይለኛል።

ነገሩ የጀመረው አያቴ ካለፉ በኋላ ነው። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ጭስ ሲጠጣ የኖረ የቆዳ ማህደር ነበራቸው፣ ስንከፍተው አንድ ኪታብ ወጣ። ፊደሉ ዓረብኛ ነው፣ ጮክ ብለህ ስታነበው ግን አማርኛ! ለ"ጨ" የሚሆን የዓረብኛ ፊደል ስለሌለ ጸሐፊው ነጥብ እየጨመረ ነው የሄደው፣ የነቢዩ ስም በመጣ ቁጥር በቀይ ቀለም። የገጹን ጫፍ አይጥ በልቶታል። እኔ የቀረውን ሳነብላት እናቴ የተበላውን ስንኝ በቃሏ እየሞላች ጨረሰችልኝ፣ ልጅ ሆና ሐድራ (ዚክርና መንዙማ የሚባልበት ጉባኤ) ላይ የሰማችው ነው። ከዛ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ስኮላርሺፕ ስፈልግ ግን ያለው ሁሉ ጤና፣ ግብርና፣ አይቲ ነው። አንድ ቢሮ ፎርም እንሞላልሃለን ብሎኝ የሁለት ወር ደሞዜን ከፍዬ ምንም ሳይመጣ ቀረ። በዚህ ትምህርት የተማረ ካለ መንገዱን አሳዩኝ።

ከሐይቅ_ማዶ፦
ወንድሜ አብሽር፣ እኔም እዛው ነበርኩ አሁን ጀርመን ፒኤችዲ ላይ ነኝ። መጀመሪያ "የሃይማኖት ጥናት ስኮላርሺፕ" ብለህ መፈለግህን ተው። ብሩ በትምህርቱ ስም አይደለም ሚመጣው፣ በጥያቄህ ነው። ያንተ ጥያቄ ታሪክ ነው፣ ፊሎሎጂ (የጥንት ጽሑፎች ጥናት) ነው፣ የእስልምና ጥናት ነው፣ መንዙማው ሲዜም ከቀረጽክ ደሞ አንትሮፖሎጂ ነው፣ ስለዚህ አራት በር አለህ ማለት ነው።

ለምሳሌ ጀርመን ገርዳ ሄንክል የሚባል ፋውንዴሽን አለ፣ ለታሪክ ነክ ትምህርቶች የፒኤችዲ ስኮላርሺፕ ይሰጣል፣ ታሪካዊ የእስልምና ጥናትም ውስጡ አለ፣ ዜግነት አይጠይቅም። ሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ "ቤተ መጻሕፍት" የሚል የኢትዮጵያና የኤርትራ ብራና ጽሑፎች ትልቅ ፕሮጀክት አለው። ኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ደሞ በአውሮፓ የምርምር ካውንስል ብር የአፍሪካ ቀንድ የእስልምና ጽሑፎችን ያጠና ፕሮጀክት ነበረው፣ እሱ አልቋል፣ ግን እዛ የሠሩት ሰዎች ዛሬ ሌላ ቦታ ያስተምራሉ፣ እነሱን ነው ምትፈልገው። እንደዚህ አይነት ፕሮጀክት ሲከፈት የፒኤችዲ ቦታው እንደ ሥራ ነው ሚወጣው፣ ደሞዝ አለው።

ለማስተርስ ኢራስመስ ሙንዱስን (የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ ነው) እይ፣ በወር 1,400 ዩሮ ነው፣ ምርጫህን አስብበት።

ከሁሉ በፊት ግን ሱፐርቫይዘር፣ ጥናትህን የሚመራልህ ፕሮፌሰር ማለት ነው። እኔ ለአስራ አንድ ፕሮፌሰር ጽፌ ሁለት ናቸው የመለሱት። የመጀመሪያዎቹ ኢሜይሎቼ "ከልጅነቴ ጀምሮ ለሃይማኖት ፍቅር ነበረኝ" እያሉ ይጀምሩ ነበር፣ ማንም አልመለሰም። መልስ ያመጣልኝ የአንድ ገጽ ፎቶና የሦስት መስመር ንባብ አድርጌ አንድ ጥያቄ የጠየቅኩበት ነው። አንተ የእናትህን ነገር ጻፍ፣ አይጥ የበላውን ስንኝ እናትህ በቃሏ መሙላቷ ራሱ ፕሮፖዛል ነው እኮ!! የጽሑፍና የቃል ግንኙነት ማለት እሱ ነው። የሁሴን አህመድን የ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና መጽሐፍም (2001 እ.ኤ.አ.) ሳታነብ ለማንም እንዳትጽፍ፣ ሁሉም እሱን አንብበሃል ወይ ነው ሚሉህ።

የላስታዋ፦
እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ፣ አሜሪካ ነው ያለሁት። አንድ ነገር ልጨምር፣ ነገረ መለኮትና የሃይማኖት ጥናት ይለያያሉ፣ የብሩም ምንጭ ይለያያል። የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች ብዙ ጊዜ ከቤተ እምነትህ ደብዳቤ ይፈልጋሉ፣ የሃይማኖት ጥናት ግን ዩኒቨርሲቲው ራሱ ነው ሚከፍለው። አሜሪካ ጥሩ ጥሩ ዩኒቨርሲቲዎች ፒኤችዲ ላይ የትምህርት ክፍያውንም ስታይፔንዱንም (የኑሮ አበሉን) ብዙ ጊዜ ለአምስት ዓመት ይሸፍናሉ፣ ማስተርስ ላይ ግን ብዙዎቹ ሙሉውን አይከፍሉም፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ልጆች ሚሰበሩት፣ አድሚሽን ያገኛሉ ብሩ የለም።

ከዚህ የሚለየው የል (Yale) ዩኒቨርሲቲ ነው። ዲቪኒቲ ስኩሉ (የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቱ) ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አቅም እንደሌለው ላሳየ ተማሪ ሙሉ የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል። እዛው ውስጥ ያለው የቅዱስ ሙዚቃ ተቋም ደሞ ለተማሪዎቹ በሙሉ የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል፣ መንዙማ ይሁን ዜማ እዛ ቦታ አለው፣ እይው። የኑሮውን ግን ለብቻው ጠይቅ፣ የትምህርት ክፍያ ተሸፈነ ማለት ምግብና ቤት ተሸፈነ ማለት አይደለም።

የማመልከቻ ክፍያ ካስጨነቀህ ዌቨር ስጡኝ (ክፍያውን ማሩኝ) ብለህ ለአድሚሽን ቢሮው ጻፍ፣ ብዙዎቹ ይሰጣሉ፣ ነውር የለውም። ደሞ ሚኒሶታ ያለው የሂል ሙዚየም ቤተ መጻሕፍት ከ1970ዎቹ ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሱ የኢትዮጵያ ብራናዎችን ኦንላይን በነጻ ያሳያል፣ ተመዝግበህ ደሴ ቁጭ ብለህ ታነባለህ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነፍሳቸውን ይማርና ዕድሜያቸውን የሰጡበት ሥራ ነው።

ከሚሴ_ቡና፦
አጭር ልበል። ቱርኪዬ ቡርስላርን (የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ) ሞክር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጥር 10 እስከ የካቲት 20 በፈረንጅ ነው ሚከፈተው፣ ለማስተርስ ከ30 ዓመት በታች መሆን አለብህ፣ ማመልከቻው ምንም ክፍያ የለውም። ክፈል ያለህ ሰው ካለ ሌባ ነው ወላሂ። አንድ ዓመት ቱርክኛ ያስተምሩሃል፣ ኢላሂያት (የነገረ መለኮት) ፋኩልቲዎቻቸው ትልልቅ ናቸው። የእንግሊዞቹ ቺቭኒንግ ስኮላርሺፕም አለ፣ የሥራ ልምድ 2,800 ሰዓት ይጠይቃል፣ አስተማሪ ስለሆንክ ይሞላልሃል፣ ስትጨርስ ሁለት ዓመት አገርህ ትመለሳለህ። ኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ላይ ግን ጊዜህን አታጥፋ፣ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም።

አያ_ሙሄ፦
ልጄ፣ እኔ ጡረተኛ አስተማሪ ነኝ፣ የምለው ስለ ብር አይደለም። ኪታቡን ፎቶ አንስተህ ለማታውቀው ፕሮፌሰር ከመላክህ በፊት ቤተሰቡን ሰብስብና አስፈቅድ። ያያትህ ብቻ አይደለም፣ ሐድራው ላይ የተቀመጡት ሁሉ ናቸው። እኛ አካባቢ አንድ እንግዳ መጥቶ ለጥናት ነው ብሎ የወሰደው ኪታብ እስከዛሬ አልተመለሰም፣ እናቶች አሁንም ያነሱታል። አንድ ገጽ ይበቃል፣ ዋናው ከቤት አይወጣም፣ ቅርስ ከአገር ማውጣትም በሕግ ክልክል ነው። ደሞ ውጭ ብቻ አትይ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፊሎሎጂ ማስተርስ አለ፣ እዛ ተምረህ ብትወጣ ፒኤችዲው ላይ ሚዛንህ ይከብዳል።

ከሐይቅ_ማዶ፦
አያ ሙሄ ልክ ኖት። ለኪታቡ ለራሱ ደሞ የብሪቲሽ ላይብረሪ የአደጋ ላይ ያሉ መዛግብት ፕሮግራም አለ፣ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዲጂታል ለማድረግ ብር ይሰጣል፣ ዋናው ካገር አይወጣም ቅጂ ብቻ ነው። የትምህርት ስኮላርሺፕ ግን አይደለም፣ እንዳታምታታው።

ቦሩሜዳ27፦
አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አያ ሙሄ፣ ዛሬ ማታ አጎቶቼን ጠርቻለሁ እናቴ ቡና ታፈላለች፣ እነሱ እሺ ካሉ ሁለተኛውን ገጽ ነው ማነሳው፣ አይጥ የበላውን። የላስታዋ፣ ሂል ላይ ተመዘገብኩ፣ ከሐይቅ እስጢፋኖስ የተነሳ ብራና አግኝቼ እስካሁን እሱን እያየሁ ነው። ከሐይቅ ማዶ፣ ኢሜይሉን ጽፌ ከመላኬ በፊት እዚህ ብለጥፈው ታርምልኛለህ?

ከሐይቅ_ማዶ፦
ለጥፈው። ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ ብቻ።