ፎርማት ካስደረግኩ በኋላ ማውዝና ኪቦርድ ሞተ፤ የቺፕሴት ድራይቨር ነው አሉኝ፤ እባካችሁ ቶሎ!

የኮፒው_ቤት (ማታ 12:20)
ሰላም ለሁላችሁ። አስቸኳይ ነው። ዴስክቶፔን ዛሬ ከሰዓት ፎርማት አስደረግኩት። የሠራው ልጅ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ፤ አሁን ስልኩ ዝግ ነው። ዊንዶውሱ ይከፈታል። ስክሪኑ ላይ ሪሳይክል ቢን ብቻ ቁጭ ብሏል። ማውዙም ኪቦርዱም ግን ሞተዋል። የማውዙ ቀይ መብራት እንኳ ጠፍቷል። ሌላ ማውዝ ቀየርኩ፣ ያው ነው። ያልሞከርኩት ቀዳዳ የለም። አንድ ጎረቤት "ቺፕሴት ድራይቨሩን አፕዴት ማድረግ ነው" አለኝ። ድራይቨር ዊንዶውሱን ከዕቃው ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም ነው አለ። ግን በምን እጄ? ነገ 4 ሰዓት ላይ የሚዘጋ ጨረታ አለ፤ የደንበኛዬን ሰነድ ማተም አለብኝ። የምጽፈው ከስልክ ነው።

ቀልደኛው_ሶኬት (12:24)
ነፍስ ይማር። ሁለቱም በአንድ ቀን? ቀብሩ መቼ ነው?

ፒክሰል22 (12:26)
ወንድሜ ቀላል ነው። ድራይቨር ፓክ በፍላሽ አምጣና ጫን። ድራይቨሩ ሁሉ አንድ ላይ አለበት፣ 5 ደቂቃ አይፈጅም።

የኮፒው_ቤት (12:29)
እኅት ነኝ። ፍላሽ ሰክቻለሁ፣ ምንም አይልም። ቢልስ በምን ክሊክ ላድርገው?

ካቻቪቴ (12:33)
እኅቴ፣ አራት ነገር ንገሪኝ። ዊንዶውሱ ስንት ነው? ማዘርቦርዱ ምንድን ነው? ፕሮሰሰሩስ? ደግሞ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዲሊት ወይም ኤፍ2 ደጋግመሽ ተጫኚና ባዮስ ውስጥ፣ ዊንዶውሱ ሳይነሳ የሚመጣው ማስተካከያ ውስጥ፣ ግቢ። እዚያ ኪቦርዱ ይሠራል?

የኮፒው_ቤት (12:35)
ሲፒዩው ጥቁር ነው፣ ትልቁ። ስቲከሩ ላይ ኮር አይ3 ይላል። ቆይ ባዮሱን ልሞክር።

ቀልደኛው_ሶኬት (12:36)
"ጥቁር ነው፣ ትልቁ።" ካቻቪቴ፣ ከዚህ በላይ ምን መረጃ ትፈልጋለህ?

የኮፒው_ቤት (12:44)
ገባሁ! ኪቦርዱ እዚያ ይሠራል! አይ3-6100 ይላል፣ ከላይ ደግሞ ኤች110 የሚል አለ። ዊንዶውስ ሲገባ መልሶ ይሞታል። ዊንዶውሱ 7 ነው፣ 64 ቢት።

ካቻቪቴ (12:46)
ዊንዶውስ 7! ይህን መጀመሪያ ብትነግሪን ኖሮ ሃያ ደቂቃ እናተርፍ ነበር። ኪቦርድሽ ደህና ነው፣ ማዘርቦርድሽም ደህና ነው። መኪና ላይ ነኝ፣ ቤት ስገባ በደንብ እጽፍልሻለሁ። እስከዚያ ከሲፒዩው ጀርባ ክብ ቀዳዳ ካለ እዪልኝ። ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ነው።

ሽቦ (12:51)
ባዮስ ውስጥ "ኢኤችሲአይ ሃንድ ኦፍ" የሚል አለ። ኢነብል አድርጊው፣ አለቀ። የእኔ እንደዚያ ነው የተስተካከለው።

አንጋፋው (1:05)
ልጆች፣ ከመድኃኒቱ በፊት በሽታው ይታወቅ። ቺፕሴት ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደች ቺፕ ናት፤ ብዙ ጊዜ ትንሽ ብረት ትደፋለች። ዩኤስቢው፣ ሃርድ ዲስኩ፣ ኔትወርኩ፣ ድምፁ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚገናኘው በእሷ በኩል ነው። ድሮ ሁለት ነበሩ፣ ኖርዝብሪጅና ሳውዝብሪጅ። የኖርዝብሪጁ ሥራ ቀስ በቀስ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ገባ።

አሁን ልብ በሉ። የኢንቴል "ቺፕሴት ድራይቨር" የምትሉት በአብዛኛው የጽሑፍ ፋይል ነው። ለዊንዶውስ "ይሄ ዕቃ ስሙ እንዲህ ነው" ብሎ ያስተዋውቃል እንጂ ራሱ ዕቃውን አያንቀሳቅስም። የዕቃዎቹ ዝርዝር በሚታይበት በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ቀኑን ብታዩት ጁላይ 18፣ 1968 ይላል። ኢንቴል የተመሠረተበት ቀን ነው። ሆን ብለው ነው ያረጀ ቀን የሰጡት፤ ሌላ ትክክለኛ ድራይቨር ካለ ይሄኛው እንዳይደርብበት። "ድራይቨሬ የ1968 ነው፣ አፕዴት ላድርገው" ብሎ ስንቱ እኔ ዘንድ መጥቷል!

ስለዚህ ጎረቤትሽ ግማሽ ልክ ነው። ችግሩ ቺፕሴቱ አካባቢ ነው፣ መድኃኒቱ ግን ቺፕሴት ድራይቨር አይደለም። ዊንዶውስ 7 የወጣው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው፤ የዩኤስቢ 3 ድራይቨር በውስጡ የለም። ከዚያ በኋላም ለዓመታት ማንም አልተቸገረም፣ ቦርዶቹ ለዩኤስቢ 2 የራሱ መቆጣጠሪያ ነበራቸውና። በ2015 ከ6ኛው ጀነሬሽን የኢንቴል ፕሮሰሰር ጋር የመጡት ቺፕሴቶች ግን ያንን አወጡት። ሁሉም ቀዳዳ፣ ጥቁሩም ሰማያዊውም፣ በአንድ በዩኤስቢ 3 መቆጣጠሪያ ሥር ገባ። ኤች110 ከእነሱ አንዱ ነው። ባዮስ ውስጥ የሚሠራልሽ ባዮሱ ራሱ ስለሚያንቀሳቅሰው ነው። ዊንዶውስ ሲረከብ ቋንቋውን አያውቀውም።

ሽቦ፣ ያልከው ምርጫ ለሌላ ቦርድ ነው። ኢኤችሲአይ ማለት ያ የዩኤስቢ 2 መቆጣጠሪያ ነው፤ እዚህ የለም።

ሽቦ (1:08)
ጋሼ፣ የእኔ ሠርቷል እኮ።

አንጋፋው (1:09)
የአንተ ስንተኛ ጀነሬሽን ነው?

ሽቦ (1:15)
3ኛ።

ዳላስ_ነኝ (1:21)
ይቅርታ፣ ግን ዋናውን ነገር ማንም አላነሳም። በዚህ ዘመን ዊንዶውስ 7 ለምን? ድጋፉ ከጃንዋሪ 14፣ 2020 ጀምሮ ተቋርጧል። ዊንዶውስ 10 እንኳ በኦክቶበር 2025 አብቅቶለታል። 10 ብትጭኚ ማውዙ ያለ ምንም ድራይቨር ይሠራ ነበር። ወይ አዲስ ኮምፒውተር ግዢ።

የኮፒው_ቤት (1:24)
ወንድሜ እግዜር ይስጥልኝ። ከዳላስ ላክልኝና እገዛለሁ። የ15 ዓመት የደንበኛ ፋይል በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ነው የተጻፈው። ፕሮግራሙ 10 ላይ አልነሳ አለኝ። የጨረታው ሰነድም በእሱ ነው።

አንጋፋው (1:30)
እውነቷን ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ የዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ የኮምፒውተር ሰንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት መጻፊያዎች ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ስትከፍቱት የሚታየው ዝብርቅርቁ የወጣ ምልክት ነው። ግን ልጄ፣ ቀስ በቀስ ወደ ዩኒኮድ ገልብጪው። ይሄ ኮምፒውተር አንድ ቀን...

ቀልደኛው_ሶኬት (1:31)
ጋሼ ነገ ጨረታ ነው፣ ስብከቱ ለእሁድ ይሁን።

ካቻቪቴ (1:52)
ገባሁ። ጋሼ በሽታውን ነግረውሻል፣ ቁልፉ ነገር ይሄ ነው፦ ድራይቨሩ በዩኤስቢ በር ሊገባ አይችልም፣ በሩ ራሱ ነው የተዘጋው። ስለዚህ ፍላሽ እርሺው። ኔትወርኩም ድራይቨር ስለሌለው በኢንተርኔት አይገባም። የቀረው በር ሲዲ ወይም ራሱ ሃርድ ዲስኩ ነው።

ማዘርቦርዱ ሲገዛ አብሮት የመጣ ሲዲ አለሽ? ሲፒዩው ሲዲ ማንበቢያ ካለው በእሱ ይገባል።

የኮፒው_ቤት (1:55)
ማንበቢያው አለ። ውስጡ የሆነ ሰው የሰርግ ሲዲ አለ። የማዘርቦርዱ ግን ጠፍቷል። ባዶ ሲዲም አሁን የት ይገኛል? ክቡን ቀዳዳ አየሁት፣ ግማሹ ሐምራዊ ግማሹ አረንጓዴ ነው።

ካቻቪቴ (2:10)
ግሩም! ያ ፒኤስ 2 ይባላል፣ በዩኤስቢ በኩል አያልፍም። ዊንዶውስ 7 ያውቀዋል። ከሆነ ጓዳ ክብ ጫፍ ያለው አሮጌ ኪቦርድ ፈልጊ። ስትሰኪው ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይሁን፣ እንደ ዩኤስቢ በበራበት የሚሰካ አይደለም። የዩኤስቢን ጫፍ ወደ ክብ የምትቀይረው አረንጓዴዋ ትንሽ መቀየሪያ አትሠራልሽም፤ እሷ የምትሠራው ሁለቱንም ቋንቋ ለሚያውቅ ኪቦርድ ብቻ ነው።

ድራይቨሩን በሌላ ኮምፒውተር አውርጂ። ከማዘርቦርዱ አምራች ገጽ፣ በቦርዱ ሞዴል፣ "ዊንዶውስ 7 64 ቢት" መርጠሽ። የምትፈልጊው "ኢንቴል ዩኤስቢ 3.0 ኤክስቴንሲብል ሆስት ኮንትሮለር" የሚለውን ነው። የቦርዱ ሞዴል የጎኑን ክዳን ስትከፍቺ ቦርዱ ላይ በትልቁ ተጽፏል። እዚያው የኔትወርኩንም ያዢ።

ከዚያ የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅለሽ ሃርድ ዲስኩን አውጪ። ሁለት ገመድ ነው፣ ሰፊውና ቀጭኑ። ሌላው ዴስክቶፕ ውስጥ እንደ ሁለተኛ ዲስክ አስገቢውና ፎልደሩን ሲ ላይ ገልብጪ። "ፎርማት ላድርገው?" ብሎ ከጠየቀሽ በፍጹም እሺ እንዳትዪ! መልሰሽ አስገቢና በኪቦርዱ ብቻ ሂጂ፦ ዊንዶውስ ቁልፍና ኢ፣ ቀስቶቹ፣ ኢንተር። ማውዝ ከፈለግሽ የግራ አልት፣ የግራ ሺፍትና ነም ሎክ አንድ ላይ ተጫኚ፤ በቀኝ ባሉት ቁጥሮች ቀስቷ ትንቀሳቀሳለች።

ፒክሰል22 (2:14)
ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል? ድራይቨር ፓክ በፍላሽ...

ካቻቪቴ (2:15)
ፒክሰል።

ዳላስ_ነኝ (2:22)
እሺ በእኔ በኩል አንድ ጠቃሚ ነገር። ነገ ጠዋት ካልደረሰ ሰነዱን ፎንቱ ባለበት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቺና ፒዲኤፍ አድርጊው። ፒዲኤፍ ፎንቱን ይዞ ስለሚሄድ የትም ይታተማል።

የኮፒው_ቤት (2:25)
ይሄ ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ፊት ለፊት ያለው ኮፒ ቤት ሄጄ ሳሳትም ደንበኛዬ ካየኝ አለቀልኝ።

ቀልደኛው_ሶኬት (2:26)
ነጠላሽን ተከናንበሽ ሂጂ።

የኮፒው_ቤት (4:05)
ኪቦርድ ተገኘ! አንድ የጌም ቤት ልጅ ከቆሻሻ መሃል አወጣልኝ፣ ኤፍ ቁልፉ የለም ግን ይሠራል። ዲስኩንም እሱው ፈታልኝ። ድራይቨሩን ጫንኩት፣ ሪስታርት አደረግኩ። አሁንም ማውዝ የለም። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት አለ፣ ስከፍተው "ኮድ 52" ይላል። ደከመኝ።

ካቻቪቴ (4:11)
በርቺ፣ ደርሰሻል። ኮድ 52 ማለት ዊንዶውሱ የድራይቨሩን ፊርማ፣ ማን እንደሠራው የሚያረጋግጠውን ማኅተም፣ አላመነበትም። አሁን የተጫነ ዊንዶውስ 7 ምንም አፕዴት ስለሌለው ኋላ የመጣውን ሻ 256 የሚባለውን የፊርማ ዓይነት አያውቅም። ለጊዜው፦ ሲነሳ ኤፍ8 ደጋግመሽ ተጫኚና "ዲሴብል ድራይቨር ሲግኔቸር ኢንፎርስመንት" የሚለውን ምረጪ። ማውዙ ይነሳል፣ ግን ለዚያች ጊዜ ብቻ ነው፣ ሪስታርት ስታደርጊ ችግሩ ይመለሳል። ሰነድሽን እንዳተምሽ ያንኑ ድራይቨር ቆየት ያለ ቨርዥን ጫኚ፤ ወይም 3033929 የሚል ቁጥር ያለውን የዊንዶውስ አፕዴት።

አንጋፋው (4:20)
ዩኤስቢው ከተነሳ ስልክሽን በገመድ ሰክተሽ "ዩኤስቢ ቴተሪንግ" ብትከፍቺ ኢንተርኔት ታገኛለሽ። ቺፕሴት ድራይቨሩን ያኔ ጫኚው፣ ስሞቹን ያስተካክልልሻል። አውቶማቲክ አፕዴቱን ግን ዝጊ፣ ፓኬጅሽን ይጨርስብሻል።

የኮፒው_ቤት (4:23)
ኤፍ8? ኧረ የኤፍ ቁልፉ የለም አልኳችሁ!

ካቻቪቴ (4:24)
ኤፍ ፊደሏ ሳትሆን ከላይ ያለችው ኤፍ8። አለች?

ካቻቪቴ (5:10)
እኅቴ?

ካቻቪቴ (በማግስቱ ቀን 6:30)
ጨረታው ደረሰ?

አዲሱ_መጤ (ከሁለት ወር በኋላ)
ሰላም፣ የእኔም ልክ እንደዚህ ሆነ። ኤች110፣ ዊንዶውስ 7። ፒኤስ 2 ቀዳዳ ግን የለውም። ምን ላድርግ?

አንጋፋው
የሚጫነውን ዊንዶውስ ራሱን ነው ማስተካከል ያለብህ። ደህና ኮምፒውተር ላይ የዩኤስቢ 3 ድራይቨሩን ኢሜጁ፣ ማለትም የዊንዶውሱ መጫኛ ፋይል ውስጥ አስገባ፣ ከዚያ እንደገና ጫን። መጫኛውን በሚያስነሳው የቡት ፋይል ውስጥ ብቻ ሳይሆን የሚጫነው ዊንዶውስ ባለበት የኢንስታል ፋይል ውስጥም አስገባው፤ አለዚያ ስትጭን ይሠራና ሲያልቅ ይሞትብሃል። የእሷም ሳይሆን አይቀርም እንደዚያ የሆነው።

ፒክሰል22
ወንድሜ ቀላል ነው። ድራይቨር ፓክ በፍላሽ አምጣና ጫን።