የልብ ቅርጽ ካም በትንሽ ሲኤንሲ ለመቁረጥ የጂ-ኮድ ስሌት እርዳታ እፈልጋለሁ

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። ከመንዝ የሚመጣውን የበግ ፀጉር ፈትለው ባና ለሚያሠሩ እናቶች በሞተር የሚዞር የክር ማጠንጠኛ እየሠራሁ ነው። ክሩን በቀሰሙ ርዝመት ወዲያና ወዲህ የሚመራው ዘንግ በልብ ቅርጽ ካም (እየዞረ በጠርዙ ዘንጉን በሚገፋ ሰሌዳ) ይገፋል፤ ካሙ ግማሽ ዙር ሲዞር ዘንጉ በእኩል ፍጥነት 60 ሚሊሜትር ይሄዳል፣ በቀሪው ግማሽ ዙር ደግሞ ሞላ እየሳበው ይመለሳል። ማሽኔ 3018 የሚባለው፣ 300 በ180 ሚሊሜትር የሥራ ቦታ ያለው ትንሽ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚቆርጥ ማሽን) ሲሆን፣ ጂ-ኮዱን ማለትም የእንቅስቃሴ ትእዛዞቹን እያነበበ ሞተሮቹን በሚያዝ፣ አርዱዊኖ በተባለች ትንሽ ቦርድ ላይ በተጫነ ጂአርቢኤል በተባለ ፕሮግራም ይመራል።

ጂ-ኮዱን ያወጣሁት ራሴ በፓይተን በጻፍሁት አጭር ፕሮግራም ነው። የካሙ ሬዲየስ ከ25 ሚሊሜትር ተነሥቶ በ180 ዲግሪ 85 እንዲደርስ አድርጌ፣ በየ0.1 ዲግሪው አንድ ነጥብ፣ በድምሩ 3,600 መስመር አወጣሁ፤ መቁረጫው ቢት 6 ሚሊሜትር ስለሆነም በእያንዳንዱ ሬዲየስ ላይ 3 ሚሊሜትር ደመርሁ። ይሁን እንጂ በደቂቃ 600 ሚሊሜትር ባዘውም ማሽኑ እየተንቀጠቀጠና እየዘገየ ቆረጠ። ካሙ ሲገጠም የዘንጉ ጉዞ 58 ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ሆነ፤ በዘንጉ ጫፍ ሆኖ ካሙ ላይ የሚንከባለለው፣ 22 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው ኩሽኔታም (ቤሪንግ) ከልቡ ጎድጓዳ ሲወጣ እየያዘ ያስቸግራል። ስህተቴ የቱ ጋ ነው?

መልስ (ከደብረ ሲና፣ የቶርኖና የፍሬዛ ባለሙያ)

ወንድሜ፣ ስህተትዎ ከመነሻው ላይ ነው፤ ስሌቱን የጀመሩት ከካሙ ጠርዝ ነው። ዘንጉን የሚያንቀሳቅሰው የኩሽኔታው መሐል ስለሆነ እኩል ፍጥነት ያለው መስመር መሰላት ያለበት ለኩሽኔታው መሐል ነው። ሰፊ ኩሽኔታ በሾለ ጎድጓዳ ውስጥ እስከ ታች ሊገባ ስለማይችል ጉዞው አጠረብዎ።

ስለዚህ የኩሽኔታውን መሐል ከ36 እስከ 96 ሚሊሜትር ያስኪዱት። 36 ማለት የእርስዎ 25 እና የኩሽኔታው ሬዲየስ 11 ድምር ነው፤ የካሙ መጠን ብዙም አይለወጥም፣ ማሽንዎም ይበቃዋል። ከዚያ መስመር ወደ ውስጥ 11 ሲገቡ የካሙን ጠርዝ ያገኛሉ፤ ከጠርዙ ወደ ውጭ 3 ሲወጡ የቢቱን መሐል ያገኛሉ። እንግዲህ የቢቱ መንገድ ከኩሽኔታው መሐል መንገድ 8 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ የገባ ነው ማለት ነው። ይህ 8 ግን በሬዲየሱ አቅጣጫ ሳይሆን ለመስመሩ ቀጥ ብሎ በሚቆመው አቅጣጫ መለካት አለበት። ለእያንዳንዱ ነጥብ የቀዳሚውንና የተከታዩን ነጥብ ልዩነት ይውሰዱ፤ የኤክስን ልዩነት ሀ፣ የዋይን ልዩነት ለ፣ የሁለቱን ነጥቦች ርቀት ሐ እንበላቸው። ነጥቦቹ ከሰዓት እጅ በተቃራኒ የሚዞሩ ከሆነ ከኤክሱ ላይ 8 ጊዜ ለ ሲካፈል ለሐ ይቀንሱ፣ በዋዩ ላይ 8 ጊዜ ሀ ሲካፈል ለሐ ይደምሩ። ጂአርቢኤል በጂ41 እና በጂ42 የሚደረገውን የቢት ማካካሻ ስለማይቀበል ይህን ሥራ ፕሮግራምዎ ራሱ መሥራት አለበት።

ኩሽኔታው የሚይዝበት ምክንያት የግፊቱ ማዕዘን ነው፤ ይህም ካሙ የሚገፋበት አቅጣጫ ዘንጉ ከሚሄድበት አቅጣጫ የሚያዘነብልበት ማዕዘን ነው። 60 ለ3.1416 ሲካፈል 19.1 ሚሊሜትር በራዲያን ይሆናል፤ ይህንን ለ25 ብናካፍለው ተዳፋቱ ከ37 ዲግሪ በላይ ነው። ቀጥታ ለሚሄድ ዘንግ ከ30 ባይበልጥ ይመከራል፤ በ36 ሲጀምሩ ወደ 28 ይወርዳል።

መልስ (ከመሐል ሜዳ)

ስለ መንቀጥቀጡ ልጨምር። የካምዎ ዙሪያ በግምት 400 ሚሊሜትር ስለሆነ በ3,600 መስመር ሲከፈል አንዱ 0.11 ሚሊሜትር ነው። ጂአርቢኤል አስቀድሞ የሚያየው 16 መስመር ያህል ብቻ ነው፤ ይኸውም ከ2 ሚሊሜትር በታች መንገድ ሲሆን፣ በዚያች ርቀት ውስጥ መቆም እንዲችል ሆኖ ፍጥነቱን ይወስናል። የፍጥነት መጨመሪያዎ ከፋብሪካው እንደመጣ በሰከንድ በሰከንድ 10 ሚሊሜትር ከሆነ፣ በደቂቃ ከ360 ሚሊሜትር ገደማ በላይ መሄድ አይችልም፤ መስመር ዘግይቶ በደረሰ ቁጥርም ይቆማል። በየ1 ዲግሪው አንድ ነጥብ ያድርጉ። አንዱ መስመር 1.1 ሚሊሜትር ሲሆን ከእውነተኛው ጥምዝ የሚርቀው በጥቂት ሺኛ ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ኮምፔንሳቶም ሆነ ፕላስቲክ ይህን አያውቀውም።

የዘንጉን ቀዳዳ ሰሌዳውን ሳያነሡ ካሙን ከመቁረጥዎ በፊት ይብሱት፣ መሐሉንም ዜሮ ያድርጉት። መብራት መሐል ላይ ቢጠፋ ቀዳዳው ውስጥ ፒን ከትተው ዜሮውን ያገኙታል፤ እኔ ይህን ባለማድረጌ ሁለት ሰሌዳ አበላሽቻለሁ።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ የላይኛው ጫፍ እንደሾለ ቢቀር አይበላም? ባለዝበው ደግሞ ዘንጉ ጫፍ ላይ ስለሚዘገይ ክሩ አይከመርም?

መልስ (ከደብረ ሲና)

ሁለቱም ስጋትዎ ትክክል ነው። ከላይም ከታችም ከመመለሻው በፊትና በኋላ 10 ዲግሪ ያህል ብቻ በፓራቦላ ያለዝቡት። የጠፋውን ጉዞ ለመመለስ በቀጥታው ክፍል 19.1 የነበረውን 20.2 ያድርጉት፤ ጉዞው እንደገና ሙሉ 60 ይሆናል። የኩሽኔታው መሐል መንገድ በላይኛው ጫፍ ላይ የሚኖረው የጥምዝ ሬዲየስ ወደ 43 ሚሊሜትር ስለሚደርስ፣ ከ11 እጅግ ስለሚበልጥ ጠርዙ አይሾልም። ጥቂት መከመር ይኖራል፤ ለበግ ፀጉር ክር ግን ይህ መጠን የሚያስቸግር አይመስለኝም። ለቀጭን የጥጥ ክር ቢሆን ኖሮ ወደ 5 ዲግሪ እንዲወርዱ እመክር ነበር።

ጠያቂው (ከሳምንት በኋላ)

መጀመሪያ በ6 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ፣ በየዙሩ 1 ሚሊሜትር እየወረድሁ ቆረጥሁት። በ360 ነጥብ ማሽኑ ያለ መንቀጥቀጥ ሄደ፤ ጉዞው በካሊፐር ስለካው 59.8 ሆነ፣ ኩሽኔታውም ከጎድጓዳው በቀላሉ ይወጣል። አሁን የፕላስቲክ መክተፊያ ሰሌዳ ገዝቼ የመጨረሻውን ልቆርጥ ነው። የመጨረሻውን 0.3 ሚሊሜትር ለብቻው በአንድ ዙር ልጠርገው አስቤያለሁና፣ በዚህ ላይ አስተያየት ያለው ሰው ከመቁረጤ በፊት ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

መልስ (ከመሐል ሜዳ)

ጥሩ አስበዋል። ቢቱ ወደ ጠርዙ የሚገባበት ቦታ ግን ከጎድጓዳውም ከጫፉም የራቀ፣ ከጎን ያለው ይሁን፤ መግቢያው ላይ የምትቀረዋ ትንሽ ምልክት ኩሽኔታው አቅጣጫ በሚለውጥበት ቦታ ላይ እንዳትውል።