ከአባቴ የቀረው ጩቤ፤ በስለቱ ላይ የተመታው 1943 የእኛ ዘመን ነው የፈረንጅ?

መምህርቷ (አዳማ)፦

ጤና ይስጥልኝ። አባታችን ካረፉ በኋላ ወንድሞቼ ሬዲዮውንና የግድግዳ ሰዓቱን ሲወስዱ፣ እኔ ከሣጥናቸው ሥር የነበረውን ጩቤ ለምኜ ወሰድሁ። በልጅነታችን እንዳንነካው የምንከለከለው ዕቃ ነበር። በግ ሲታረድ እንኳ አይወጣም፤ ለዚያ ሌላ ካራ ነበረን። አባባ ለመስቀል ዋዜማ ከሣጥኑ አውጥተው ዘይት በነካው ጨርቅ ወልወል ያደርጉትና መልሰው ይቆልፉበታል። ከየት እንዳመጡት ስንጠይቃቸው «የወታደር ዕቃ ነው» ከማለት በስተቀር ሌላ መልስ አግኝተን አናውቅም።

አባባ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበሩ፤ ኮሪያ ዘምተዋል። ከታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በኋላ ከሠራዊቱ ወጥተው ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም እዚያው ሠሩ። ስለ ኮሪያ የሚያወሩት ስለ ብርዱ ብቻ ነበር። ስለ ውጊያው የጠየቅናቸው እንደሆነ ወሬ ይለውጣሉ።

ስለቱን በማስመሪያ ለካሁት፤ 17 ሴንቲ ሜትር ነው። አንደኛው ጎኑ ከጫፍ እስከ ሥሩ የተሳለ ሲሆን ጀርባው ግን ከጫፉ እስከ ግማሹ ብቻ ነው የተሳለው። ቀለሙ አያብረቀርቅም፤ ደብዘዝ ያለ ግራጫ ነው። በስለቱና በእጀታው መካከል ያለው ብረት አንደኛው ጫፉ አውራ ጣት እንዲያርፍበት ጎበጥ ተደርጓል። እጀታው በላይ በላዩ የተደረደሩ የቆዳ ቀለበቶች ነው፤ መጨረሻ ላይ ያሉት ሦስቱ ግን ቆዳ ሳይሆኑ ጥቁር ጎማ ናቸው። ጎማዎቹን ከጎን ሳያቸው በውስጣቸው የጨርቅ ንጣፍ ይታየኛል። አፎቱ እንደ ፕላስቲክ የጠጠረ አረንጓዴ ነገር ሆኖ ከላይ የሸራ ማንጠልጠያና የሽቦ መንጠቆ አለው። በስለቱ ላይ በላቲን ፊደል «ዩ.ኤስ. ኤም 3 – ኢምፔሪያል – 1943» ተብሎ ተመትቶበታል።

የቤተሰባችን ክርክር ከዚህ ቁጥር ይነሣል። ታላቅ ወንድሜ «1943 አባባ ኮሪያ የዘመቱበት ዓመት ነው፤ ለቃኘው ሻለቃ ተብሎ የተሠራ ነው» ይላል። አጎቴ ደግሞ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ነው ብለው ድርቅ ብለዋል። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ጩቤ በእርግጥ ኮሪያ ላይ ከአባቴ ጋር ነበረ ወይ? ጎማውስ ከየት መጣ? ወንድሜ ኒኬል አስነክሮ ሳሎን ሊሰቅለው ስላሰበም ፈጥናችሁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ግምጃ ቤት የነበርኩ፦

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። ከሁሉ አስቀድመው ወንድምዎን ያስቁሙልኝ። ያ ደብዛዛ ግራጫ ቀለም እድፍ አይደለም። ብረቱ እንዳይዝግና በሌሊት ብርሃን እንዳያንጸባርቅ ሲሠራ የተሰጠው ሽፋን ነው። በሞረድ ወይም በአሸዋ ወረቀት ከተፋቀ አይመለስም፤ ጽሑፉም አብሮት ይጠፋል።

ወደ ጥያቄዎ ስመጣ፣ 1943 የፈረንጅ ነው። ኤም 3 የአሜሪካ ጦር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያሠራው የጦር ሜዳ ጩቤ ነው። ሳንጃ ላልነበራቸው ወታደሮች፣ በተለይም ለአየር ወለዶች ታስቦ ወጣ፤ ኤም 1 ካርባይን የተባለው አጭር ጠመንጃ መጀመሪያ ላይ ሳንጃ መግጠሚያ አልነበረውምና። በጎርጎሮሳዊው 1943 እና 1944 ብቻ ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ተመረተ። ኢምፔሪያል ከአምራቾቹ አንዱ ነው፤ ፋብሪካው በሮድ አይላንድ ግዛት፣ ፕሮቪደንስ ከተማ ነበር። ካሚለስ፣ ኬስና ዩቲካ የሚል የተጻፈባቸውም አሉ። ዓመተ ምሕረት በስለቱ ላይ የሚመታው በምርቱ መጀመሪያ ላይ ነበር፤ በኋላ ዓመቱ ቀረ፣ ስሙም ወደ መሐለኛው ብረት ተዛወረ። ስለዚህ የእርስዎ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። በእኛ አቆጣጠር 1935 ወይም 1936 ላይ የተሠራ ነው ማለት ነው፤ አባትዎ ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበሩ።

የወንድምዎ ግምት ግን እንዲሁ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል በመርከብ ወደ ፑሳን የሄደው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ነው። የፈረንጁ የፋብሪካ ዓመትና የእኛ የዘመቻ ዓመት በቁጥር ተገጣጠሙ እንጂ በመካከላቸው 8 ዓመት ገደማ አለ። የአጎትዎን ሐሳብም ይኸው ቁጥር ይጥለዋል። አዲስ አበባ ነፃ የወጣችው በሚያዝያ 1933 ነው፤ ጎንደር ላይ የቀረው የጣሊያን ጦርም በኅዳር 1934 እጁን ሰጥቷል። ጩቤው ሲሠራ ጣሊያን ከአገራችን ወጥቷል።

አፎቱን ልብ ይበሉ። እነዚህ ጩቤዎች መጀመሪያ የወጡት በቆዳ አፎት ነው። የሽቦ መንጠቆ ያለው ጠጣሩ አረንጓዴ አፎት ከዚያ በኋላ የመጣና ኤም 8ኤ1 የሚባለው ነው። ስለዚህ አፎቱ ከጩቤው ዕድሜ ያነሰ ነው። ጩቤው አንድ ጊዜ ወደ ግምጃ ቤት ተመልሶ፣ አፎት ተለውጦለት፣ እንደገና ለወታደር ታድሏል ብዬ እገምታለሁ። ይህ ከኮሪያ ጋር ይስማማል፤ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም።

የዘማች ልጅ፦

እኔም አባቴ የሦስተኛው ቃኘው ነበሩ። በአፎቱ ላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ጩቤው ሁለት መንገድ ሊኖረው እንደሚችል አይርሱ። አንደኛው ኮሪያ ነው። የእኛ ወታደሮች እዚያ ሲደርሱ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመድበው የአሜሪካ መሣሪያ ታጥቀዋል፤ የቃኘው ስም ደግሞ በሌሊት ቅኝት የታወቀ ነው፤ ለዚያ ሥራ ጩቤ ያስፈልጋል። ሁለተኛው መንገድ በ1945 ዓ.ም. ኢትዮጵያና አሜሪካ የወታደራዊ እርዳታ ስምምነት ከተፈራረሙ በኋላ የገባው ዕቃ ነው። ከኮሪያ ተመልሰው በክብር ዘበኛ ሲያገለግሉ አዲስ አበባ ላይ ተሰጥቷቸውም ይሆናል።

ስለዚህ ከብረቱ ይልቅ ወረቀቱን ይፈልጉ። የዘማችነት መታወቂያ፣ ሜዳይ፣ ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ፤ በተለይ ፎቶግራፍ። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ ለእኛ ዘማቾች በአማርኛ ተጽፎ የተሰጠ ስለሆነ አይቶ መለየት አያስቸግርም። የስንተኛው ቃኘው እንደነበሩ ካወቁ አዲስ አበባ አፍንጮ በር፣ የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ካለበት ሄደው ይጠይቁ።

ገበያው፦

እንዲህ ያለ ዕቃ የሚገዙ ሰዎች አውቃለሁ። ከፈለጉ ዋጋ ንገሩኝ።

መምህርቷ (አዳማ)፦

አይሸጥም፤ ስለዚህ ዋጋ አይጠይቁኝ።

ለሁለታችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንድሜ የኒኬሉን ነገር ትቶታል፤ መልሱን ራሱ አንብቦት ነው። ፎቶግራፎቹ ያሉት እህቴ ዘንድ ነው፤ ከአንድ ፖስታ ውስጥ የኮሪያዎቹን መርጣ አምጥታልኛለች። በአንዱ አባባ ካፖርታቸውን ከፍተው በረዶ ላይ ቆመዋል፤ ከወገባቸው በስተግራ አንድ ነገር ተንጠልጥሏል። የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም የምጠቀምበት አጉሊ መነጽር ስላለኝ አስጠግቼ አየሁት፤ የሸራ ማንጠልጠያውና አፎቱ ግልጽ ነው። ይህ ይበቃል?

ግምጃ ቤት የነበርኩ፦

አይበቃም፤ እንዲያዝኑ ብዬ ግን አይደለም። በ1944 በፈረንጅ ኤም 4 የተባለ የካርባይን ሳንጃ ወጣ። ስለቱ የኤም 3 ስለት ነው፤ አፎቱም ያው ኤም 8ኤ1 ነው። ኮሪያ ውስጥ ሁለቱም ነበሩ። የሚለያቸው እጀታው ዘንድ ነው፤ ሳንጃው የጠመንጃው አፈ ሙዝ የሚገባበት ቀለበት በመሐለኛው ብረት ላይ አለው። ጩቤው ቀለበት የለውም። መነጽሩን ከአፎቱ ወደ ላይ ከፍ አድርገው ይመልከቱ፤ ፎቶግራፉንም ገልብጠው ጀርባውን ይዩ።

ቶርኖ ቤት ወንጂ፦

እህት ዓለም፣ ስለ ጎማው ጠይቀሽ ማንም አልመለሰልሽም። እኔ ወንጂ ወርክሾፕ ውስጥ ነው ያረጀሁት። በመካከሉ የሸራ ንጣፍ ያለበት ጥቁር ጎማ የማጓጓዣ ቺንጋ ነው። ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. በሆላንዶቹ ኩባንያ በኤች.ቪ.ኤ. ሥራ ከጀመረ ወዲህ አገዳው ተጨምቆ የሚቀረው ባጋስ ወደ ቦይለር ሄዶ ይነድዳል፤ ይህን ሁሉ የሚያጓጉዘው ቺንጋ ነው። ሲበጠስና ሲቀየር ቁራጩ ለሠራተኛ ይተርፋል፤ ጫማ ሶል ያደረገውም፣ የበር ማጠፊያ ያደረገውም ብዙ ነው።

እንዴት እንደገባ ልንገርሽ። የቆዳው ቀለበት በእኛ አገር ሙቀት ይደርቅና ይሰበሰባል፤ ያኔ እጀታው ላልቶ ይንቀጫቀጫል። መጨረሻ ላይ ያለው ብረት ከተነቀለ ቀለበቶቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ሦስት ጎማ ጨምሮ፣ በሞርሳ አጥብቆ ጠርቆ፣ ብረቱን መልሶ መምታት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ብረቱ ጫፍ ላይ የመዶሻ ምልክት አለው? ካለው አገር ውስጥ ተፈትቶ የተመታ ነው። ጎማዎቹ ከቆዳው እኩል ክብ ሆነው ተሞርደው ከሆነ ደግሞ የባለሙያ እጅ ነው፤ አባትሽ ራሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ።

አሁንም ቢሆን እጀታው እንዳይደርቅ ፀሐይ የማይመታው ቦታ አኑሪው። ለስለቱ የስፌት መኪና ዘይት በስሱ ቀቢው። አፎቱ ውስጥ ከተሽው እርጥበት ይይዛል፤ ለየብቻ አስቀምጪው።

መምህርቷ (አዳማ)፦

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። የመዶሻው ምልክት አለ፤ ሁለት ቦታ። ጎማዎቹ ደግሞ ከቆዳው ጋር እኩል ሆነው በጣት ሲዳሰሱ ልዩነታቸው አይታወቅም። አባባ የሠሩት ጥገና ክፍል ነበር፤ የቤታችንን በርጩማ፣ የእናቴን ምጣድ ማስቀመጫ፣ የብስክሌቴን ፔዳል የሠሩት እሳቸው ናቸው። ጩቤውንም ራሳቸው እንዳደሱት አሁን ቅንጣት አልጠራጠርም፤ በእኔ ዓይን ይህ ከፋብሪካው ስም አይተናነስም።

ስለ ፎቶግራፉ፦ ከእህቴ ጋር ሆነን በቀን ብርሃን አየነው። ቀለበት የለም። የመሐለኛው ብረት አንደኛው ጫፍ ወደ ላይ ጎበጥ ብሎ ይታያል፤ ልክ በእጄ ያለው እንደሚታየው። በጀርባው በአባባ እጅ በቀይ እርሳስ «ጥር 1945፣ 2ኛ ቃኘው፣ ኮሪያ» ተጽፏል። ስለዚህ የዘመቱት ወንድሜ እንደሚለው በ1943 ሳይሆን ከሁለተኛው ሻለቃ ጋር ነው።

ግምጃ ቤት የነበርኩ፦

ሁለተኛው ቃኘው ኮሪያ የደረሰው በመጋቢት 1944 ዓ.ም. ነው፤ በሚያዝያ 1945 ሦስተኛው እስኪተካው ድረስ በግንባር ቆይቷል። የተኩስ አቁሙ የተፈረመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ነውና ፎቶግራፉ የተነሣው ጦርነቱ ገና ሳያበቃ ነው። ከእርዳታ ስምምነቱም ይቀድማል። እነዚህ ጩቤዎች መለያ ቁጥር ስለሌላቸው በፎቶግራፉ ያለውና በእጅዎ ያለው አንድ መሆኑን ማንም ሊምልልዎ አይችልም። ነገር ግን አባትዎ በግንባር ኤም 3 ታጥቀው ነበር፤ በሣጥናቸውም ኤም 3 ተገኘ። እኔ ብሆን ከዚህ በላይ አልጠይቅም።

መምህርቷ (አዳማ)፦

እኔም አልጠይቅም። ፎቶግራፉን የፊቱንም የጀርባውንም አስነሥቼ አንዱን ቅጂ ለወንድሜ ልኬለታለሁ፤ ሌላውን አፍንጮ በር ይዤ እሄዳለሁ። ከአባባ አጠገብ የቆሙ ሁለት ወታደሮች አሉ፤ ስማቸው አልተጻፈም። የሁለተኛው ቃኘው ዘማቾችን ወይም ልጆቻቸውን የምታውቁ ካላችሁ እዚሁ ጻፉልኝ፤ ፎቶግራፉን አሳያችኋለሁ።