በጨረታ ሰነድ ላይ የማዕድን ምንጭ ይጠየቅ ወይስ ይቅር?

ለክርክር የቀረበው፦ በደሴና በኮምቦልቻ ያሉ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ኮምፒውተርና ስልክ ሲገዙ፣ በዕቃው ውስጥ ያሉት ቲን፣ ታንታለም፣ ተንግስተንና ወርቅ ታጣቂ ከሚደጎምበት ጉድጓድ እንዳልወጡ አቅራቢው ሰነድ ያምጣ የሚል አንቀጽ ይግባ?

ጦሳ፦ ይግባ እንጂ! በምሥራቅ ኮንጎ፣ ሰሜን ኪቩ ውስጥ ሩባያ የሚባል ቦታ አለ። ከዓለም ታንታለም 15 በመቶ ገደማው ከዚያ ይወጣል ይባላል። ኤም 23 የተባለው ታጣቂ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 ቦታውን ያዘ። የተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች ቡድን በዚያው ዓመት እንዳሰላው፣ ታንታለም ከሚወጣበት ማዕድን፣ ከኮልታን ላይ በሚጥለው ቀረጥ ብቻ በወር 800,000 ዶላር ገደማ ያገኝ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት እነዚህ ሁለት ከተሞች ምን እንደሆኑ የሚያውቅ ሕዝብ፣ ገንዘቡ የማንን ጥይት እንደሚገዛ መጠየቅ አይበዛበትም።

ሰኞ ገበያ፦ ሐሳብህ ልክ ነው ወንድሜ፣ ግን ወረቀቱን ማን ይሰጥሃል? እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የአሜሪካ ዶድ ፍራንክ ሕግ አንቀጽ 1502 የሚያስገድደው ለአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ሪፖርት የሚያቀርቡ ኩባንያዎችን ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ሕግ ደግሞ ማዕድንና ብረት አስመጪን እንጂ ያለቀለት ስልክ የሚያስገባን አይነካም። እኛ ጋ ሰው እጅ ላይ የሚበዛው ቴክኖና አይቴል ነው፤ የባለቤቱ የትራንሽን አክሲዮን የሚሸጠው ሻንጋይ ላይ ነው። የደሴ ነጋዴ ዕቃውን ከመርካቶ ነው የሚያመጣው። ወረቀት አምጣ ስትለው ማኅተም አስመትቶ ይመጣል፤ ሐቀኛው ነጋዴ ግን ከጨረታው ይወጣል።

ቦርከና፦ ፎርጅድ ወረቀት የሚያልፈው ሰነዱን የሚያነብ ሰው ከሌለ ነው። አምራቾች የሚሞሉት ቅጽ በኤክሴል የተሠራ ነው፤ ሪስፖንሲብል ሚነራልስ ኢኒሼቲቭ የሚባለው ማኅበር በነፃ ያወጣዋል። ዋናው ገጽ የማቅለጫዎች ዝርዝር ነው፤ እያንዳንዱ ማቅለጫ መለያ ቁጥር አለው። ማቅለጫው ላይ የሚተኮርበት ምክንያት አለ። የደላንታን ኦፓል የለመደ ነጋዴ ድንጋዩን አገላብጦ ከየት እንደመጣ ሊገምት ይችላል። የአሥር ጉድጓድ ኮልታን አንዴ አብሮ ከቀለጠ በኋላ ግን የየትኛው የየት እንደነበር የሚለይ የለም። ስለዚህ መቆጣጠሪያው በር ማቅለጫው ነው።

የግዥ ኮሚቴው መጀመሪያ ቅጹ መቼ እንደተሞላ ይይ፤ የሦስት ዓመት ቅጽ ዋጋ የለውም። ቀጥሎ «ለድርጅቱ በሙሉ» ነው የተሞላው ወይስ «ለዚህ ምርት» የሚለውን ይመልከት። አብዛኛው የሚጭበረበረው እዚህ ላይ ነው፦ ለድርጅት የተሞላ ቅጽ ድርጅቱ የሚጠቀምባቸውን ማቅለጫዎች ሁሉ ስለሚዘረዝር፣ እጅህ ላይ ስላለው ላፕቶፕ ምንም አያረጋግጥም። ከዚያ መለያ ቁጥሮቹን ኦዲት ካለፉት ዝርዝር ጋር ማመሳከር ነው። በግማሽ ቀን ያልቃል።

አይጠየፍ፦ ልጄ ቦርከና፣ ከማቅለጫው በታች ያለውን ዘለልሽው። ጆንያው ጉድጓዱ አፍ ላይ አንድ መለያ ይታሰርበታል፣ ነጋዴው ጋ ሲደርስ ሁለተኛ። መለያው ራሱ ግን ይሸጣል። ካልተፈቀደ ጉድጓድ የወጣ ጆንያ የተፈቀደውን መለያ ለብሶ ይጓዛል፤ ግሎባል ዊትነስ የተባለው የምርመራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት ያጋለጠው ይህንኑ ነው። ማቅለጫው ኦዲት ሲያልፍ ያለፈው ወረቀቱ ነው።

ሌላም አለ። የያኔው የኮንጎ ፕሬዚዳንት ካቢላ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2010 እስከ ማርች 2011 በኪቩና በማኒኤማ ማዕድን ማውጣትን አገደ። በዚያው ሰሞን የአሜሪካው ሕግ ወሬ ገዢዎቹን አሸሻቸው። በእጁ ቆፍሮ የሚያድር ሰው እንጀራው ተቋረጠ። ብዙው ወደ ወርቅ ሄደ፤ ታጣቂውም ተከትሎት ሄደ። ወርቅ ከኮልታን ይብሳል፦ በኪስ ተይዞ ድንበር ይሻገራል፣ ጆንያም መለያም አያሻውም። «ከኮንጎ አልመጣም» የሚል ወረቀት ብትጠይቁ የምትቀጡት ቆፋሪውን ነው።

ቦርከና፦ እውነትዎን ነው፣ ጋሼ። አንቀጹ አገር መጥቀስ የለበትም፤ «ምንጩን በምን መንገድ አጣራችሁ» ብሎ ይጠይቅ። በአገራችንም ታንታለም አለ፣ ጉጂ ዞን ቀንጢቻ። የታጣቂውን ነገር ብንተወው እንኳ ማዕድኑ ውስጥ ዩራኒየምና ቶሪየም ስላለ፣ ጨረሩ በግራም ከ10 ቤኬሬል (የጨረር መለኪያ) ካለፈ በራዲዮአክቲቭ ጭነት ሕግ ነው የሚጓጓዘው። ንጹሕ ምንጭ ማለት ከታጣቂ ነፃ መሆን ብቻ አይደለም።

ሐረጎ፦ ሁላችሁም ስለ ግዥ ታወራላችሁ፣ ስለ ጥገና ያነሳ የለም። ታንታለም ከወርቅ የሚለይበትን ልንገራችሁ። የተጣለ ቦርድ መዳብ ማቅለጫ ሲገባ ወርቁ፣ ብሩና ፓላዲየሙ ከመዳቡ ጋር አብሮ ይወርድና ይለያል። ታንታለሙ ግን ኦክሳይድ ሆኖ ከአተላው ጋር ይቀራል። እዚያ የገባ ታንታለም በተግባር ጠፋ ማለት ነው፤ በምትኩ ሌላ ጆንያ ከሩባያ ይወጣል። የሚያድነው ቦርዱ ሥራ ላይ እንዲቆይ ማድረግ ነው።

ደግሞ ይቻላል። «ሞቷል» ተብሎ ከሚጣለው ላፕቶፕ አንዳንዱ አንድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ፣ አንዳንዱ ከታንታለም የሚሠራ) ሾርት አድርጎ ነው። ሾርት ባደረገው የኃይል መስመር ላይ 1 ቮልት ብቻ ስጡ፣ ከረንቱን 2 ወይም 3 አምፒር ላይ ገድቡ፣ ቦርዱን አልኮል ቀቡት፤ መጀመሪያ የሚደርቅበት ቦታ ጥፋተኛው ነው። ቮልቱን ከፍ ካደረጋችሁ ጤነኛውን ቺፕ ትገድሉታላችሁ። የታንታለም ካፓሲተር ላይ 107C የሚል ካለ 100 ማይክሮፋራድ፣ 16 ቮልት ነው፤ ለ5 ቮልት መስመር ይበቃል። ደንቡ ከመስመሩ ቢያንስ እጥፍ የሚችል ማድረግ ነው። መስመር የተሰመረበት ጫፍ ፖዘቲቭ ነው። በክቡ የአሉሚኒየም ካፓሲተር ላይ ግን መስመሩ ኔጋቲቭን ነው የሚያሳየው፤ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ የተገለበጠ ታንታለም ደግሞ በእሳት ይነሳል። በሴራሚክ እተካለሁ የሚል ይጠንቀቅ፦ ቮልት ሲያርፍበት ከአቅሙ ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ሊያጣ ይችላል፤ አንዳንድ የቆየ ሬጉሌተርም (ቮልት የሚያስተካክለው ክፍል) የሴራሚኩ ውስጣዊ ሬዚስታንስ ስለሚያንስበት ቮልቱ ከፍ ዝቅ ማለት ይጀምራል። ፖሊመር አሉሚኒየም ይሻላል።

ስለዚህ አንቀጹ ይግባ ካላችሁ፣ የቦርድ ዲያግራምና የ5 ዓመት መለዋወጫም ይጠየቅ።

ሰኞ ገበያ፦ ዲያግራም የሚሰጥ አምራች ጥቂት ነው። መለዋወጫው ግን ይሁን፤ ባትሪ፣ ስክሪን፣ የቻርጅ ሶኬት ብትሉ ነጋዴው ሊፈርምበት ይችላል።

አይጠየፍ፦ ከጥገና የተረፈውን ቦርድ በአሲድ አጥቦ ወርቅ ማውጣት ግን በአንቀጹ ይከልከል። አንድ ስልክ ውስጥ ያለው ወርቅ 0.034 ግራም ገደማ ነው። ለዚያ ሲባል ናይትሪክ አሲድ ወደ ወንዝ የሚደፋበት ምክንያት የለም።

ጦሳ፦ እስማማለሁ። «አገር አይጠቀስም» የሚለውንም ተቀብያለሁ፣ መጀመሪያ አላሰብኩትም ነበር።

ቦርከና፦ እንግዲያው ረቂቁ፦ ከ100 ነጥብ 10ሩ ለዚህ ይያዝ። 4ቱ በምርት ደረጃ ለተሞላና ከአንድ ዓመት ላላለፈው የማቅለጫ ቅጽ፣ 6ቱ ለ5 ዓመት መለዋወጫ። ቅጽ የሌለው ነጋዴ 4ቱን ያጣል እንጂ ከጨረታ አይወጣም። የሐሰት መለያ ቁጥር ያስገባ ግን ይውጣ።

ሰኞ ገበያ፦ አምራቹ የሞላው ሐሰት ቢሆንስ? ነጋዴው በምን ዕዳው?

ቦርከና፦ ቁጥሩን ከዝርዝሩ ጋር ራሱ ማመሳከር ይችላል፣ ዝርዝሩ ለሁሉም ክፍት ነው።

ሰኞ ገበያ፦ ኢንተርኔት ያለው ይችላል። ለሌለው ኮሚቴው አስቀድሞ ያመሳክርለት፣ ሳይነግረው አያባረው። ያ ከተጻፈ እኔም እፈርማለሁ።