ክርክር፦ የድሮ አልበም ዳግም ሲታተም ድምፁ ይጽዳ ወይስ እንዳለ ይውጣ?

ጣና ዳር፦
ቅዳሜ የጀመርነውን እንጨርሰው። የአኮርዲዮንና የኪቦርድ ተጫዋቹ የኃይሉ መርጊያ አልበም «ሸሞንሟናዬ» በካሴት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። የአሜሪካው ሙዚቃ አሳታሚ የኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ ባለቤት አንዱን ካሴት ያገኘው እዚችው ባሕር ዳር፣ ሱቅ ውስጥ ነው። በ2013 ዳግም አሳተመው። እኔ ይጽዳ ባይ ነኝ። አኮርዲዮኑን ልስማ እንጂ የካሴቱ ሽሽ ማለት ምን ያደርግልኛል?

ካሴት ቤት የነበረው፦
ኧረ ተው ወንድሜ! ሽሽታውን ስታጠፋው የአኮርዲዮኑ ትንፋሽም አብሮ ይሄዳል። ከልክ በላይ ያጸዱትን ስሰማ ዘፋኙ ጋቢ ተከናንቦ የሚዘፍን ነው የሚመስለኝ።

የፔዳ ተማሪ፦
ጋሼ፣ ዘዴው እኮ ተለውጧል። የእንግሊዙ ባንድ የቢትልስ አልበም «ሪቮልቨር» በ1966 ሲቀዳ ከበሮው፣ ቤዙና ጊታሩ አንድ ትራክ (የቴፕ መስመር) ላይ የተጣበቁበት ዘፈን ነበረው። በ2022 ዳግም ሲወጣ ኮምፒውተር ለያይቷቸዋል።

ካሴት ቤት የነበረው፦
ልጄ፣ እነሱ ዋናው ቴፕ በእጃቸው ነው። እኛ ጋ ያለው የቅጂ ቅጂ ነው። ኮምፒውተሩ የጠፋውን ከየት ያመጣዋል? ከራሱ ይፈጥራል። ያ ደግሞ የኃይሉ አይደለም።

ሳውንድ ማን፦
ሁለታችሁም የካሴቱን ፍጥነት ረሳችሁት። ባለፈው ክረምት የአጎቴን ካሴቶች ልገለብጥ ወሰድኩ። የሐይቅ ዳር ቤት እርጥበት ታውቃላችሁ። የአንዱ ጥቅል ጠርዝ ነጭ ሻጋታ ይዞታል፤ ክሩን ወደ ማንበቢያው የሚጫነው ስፖንጅም ወድቋል። ከሌላ ካሴት ስፖንጅ አውጥቼ ተካሁ፣ የማጫወቻውን ማንበቢያ (ሄዱን) በአልኮል ጠረግሁ፣ ክሩን በቢክ ቀስ ብዬ አጠነጠንኩ። ሲጫወት የዘፋኙ ድምፅ ቀጥኗል። ከሸክላው ጋር ሳመሳክረው ግማሽ ድምፅ ከፍ ብሏል። ያኔ የገለበጠው ማሽን ቀርፋፋ ነበር ማለት ነው፤ በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት ይፈጥናል። ይህንን ማስተካከል ማበላሸት አይደለም፤ ሰውየውን ወደ ራሱ ድምፅ መመለስ ነው። ማስጮህ ግን ሌላ ነው። የሮክ ባንዱ የሜታሊካ የ2008ቱ አልበም «ዴዝ ማግኔቲክ» ድምፁ እስኪሰነጠቅ ተጨምቆ አድማጩ ራሱ ተቆጥቷል። የኛን ሸክላ እንደዚያ ሲያደርጉት ዝም ልንል አይገባም።

የፔዳ ተማሪ፦
እሺ፣ ወሳኙ ማን ነው ታዲያ?

ካሴት ቤት የነበረው፦
የሙዚቃው ባለቤት ነዋ! ኃይሉን ፈልገው ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ አገኙት። እንዲህ ነው መጠየቅ ያለበት፤ ያውም በሕይወት እያለ።

ጣና ዳር፦
እዚህ ላይ ጋሼ ረትተውኛል። ሽሽታው ይቅር ማለቴን አልተውኩም፤ ማስጠየቁን ግን ዘንግቼው ነበር። ከእንግዲህ ስለ ዳግም ሕትመት የምንጽፍ ሰዎች «ግሩም ነው» ብለን አንለፍ። ከየትኛው ቅጂ ተገለበጠ? ፍጥነቱ ተስተካክሏል? ምኑ ተነካ? ሽፋኑ ላይ ካልተጻፈ እሱንም እንጻፍ። ጋሼ፣ ለቅዳሜ የድሮውን ካሴት ይዘው ይምጡ። እኔ አዲሱን አመጣለሁ። ሁለቱንም በእኩል የድምፅ መጠን ከፍተን እንሰማለን፤ የጮኸው ሁሌ የተሻለ ይመስላልና።