ሥራውን ጨርሻለሁ፣ ቀሪው ብር ግን አልተከፈለኝም። ጊዜው አልፎብኝ ይሆን?

ጠያቂው፦ ሰላም ወገኖቼ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የአንድ ሐበሻ ቤዝመንት ሠርቼ ጨርሻለሁ። ድራይዎል፣ ታይል፣ ቀለም። ግማሹን ከፍሎኛል፣ 4,200 ዶላር ቀረኝ። ያኔ ልጁ ታሞበት ስለነበር ላጨናንቀው አልፈለግኩም፣ የመጨረሻውን ኢንቮይስም ሳልልክለት ቆየሁ። አሁን ሁለት ዓመት አልፎታል። ስጠይቀው «በጊዜው አላስከፈልክም፣ አልፎበታል» አለኝ። እውነት ነው እንዴ? ወንድሜ አዲስ አበባ ለኮንዶሚኒየሙ ክፍያ እየጠበቀኝ ነው።

አቤል፣ አሌክሳንድሪያ፦ አላለፈበትም። ሜሪላንድ ውስጥ ለእንዲህ ያለ ክስ 3 ዓመት አለህ፣ በቃልም ተስማሙ በጽሑፍ። ዲሲም 3 ነው። እኛ ቨርጂኒያ ግን የተፈረመ ውል ካለ 5፣ በቃል ከሆነ 3። ልብ በል፣ የሚቆጠረው ብሩ መከፈል ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ነው፣ ኢንቮይስ እስክትልክ አይጠብቅህም። ብትደውልለት፣ ብትጽፍለትም ቆጠራው አይቆምም። የሚያቆመው ፍርድ ቤት ፋይል ስትከፍት ነው። ቤቱን በሊን፣ ማለትም ለዕዳው መያዣ አድርጎ፣ ማስያዝ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ሥራው ባለቀ በ180 ቀን ውስጥ ስለሆነ አልፎሃል። ያንተ ከ5,000 ዶላር ስለማይበልጥ ስሞል ክሌምስ፣ የትንንሽ ገንዘብ ክስ የሚታይበት ፍርድ ቤት፣ ግባ፣ ጠበቃም የግድ አያስፈልግህም።

እትዬ አልማዝ፦ ልጄ፣ ወገንህን ፍርድ ቤት አትገትረው። አገር ቤት ቢሆን ሦስት ሽማግሌ ተቀምጦ በአንድ ቅዳሜ ይጨርሰው ነበር። ቄሱን አናግራቸው።

አቤል፦ እትዬ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው፣ ግን ስንቱ በሽምግልና ሰበብ ቀኑ አልፎበታል። «ከፋሲካ በኋላ እንገናኝ»፣ «ሰውየው አገር ቤት ሄዷል» ሲባል ሦስቱ ዓመት ያልቃል። ሽማግሌ ከገባም ሰውየው ዕዳውን አምኖ በጽሑፍ ይፈርም።

እትዬ አልማዝ፦ ሰው ፈርሞም ይክዳል። እኔ የምለው ነገ ለቅሶ ላይ ስትገናኙስ ነው። ልጅህ ታሟል ብሎ የታገሰውን ሰው እንዲህ ማለት እኮ ግፍ ነው፣ ይኼ ሽማግሌ ፊት ሊነገረው ይገባል።

ሳሮን፦ እኔን ያሳዘነኝ የወንድሙ ነገር ነው። ቤተሰብ እዚህ ብር ከሰው ኪስ እንደማይወጣ አያውቅም። እኔም ደሞዝ ሳይገባልኝ ተበድሬ የላክሁበት ወር አለ፣ እናቴ ድምጿ ሲቀዘቅዝ አልችልም። ወንድምህን እውነቱን ንገረው፣ ቀን አትቁረጥለት።

ዳዊት፦ ሁላችሁም ዋናውን ዘለላችሁት። የቤት እድሳት ላይሰንስ አለህ ወይ? ሜሪላንድ ውስጥ ያለ ላይሰንስ ከቤት ባለቤት ጋር የተዋዋለ ሰው ከሶ ማስከፈል አይችልም። ሰውየው ይህን ካወቀ 3 ዓመቱ ምንም አይሠራልህም።

አቤል፦ ይኼ ትክክል ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ነበረብኝ።

እትዬ አልማዝ፦ ይኸው! እኔም ሽማግሌ ያልኩት ለዚህ ነው።

አቤል፦ እትዬ፣ ላይሰንስ ካለው ግን ነገ ሳይሆን ዛሬ ፋይል ይክፈት።

ጠያቂው፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ላይሰንሱ ያለው አብሮኝ የሠራው ልጅ ነው፣ አሁን ዴንቨር ገብቷል። ዋጋውን በቴክስት የተስማማሁት ግን እኔ ነኝ። እንዲህ ከሆነ ከሳሹ እሱ ነው ወይስ እኔ?

እትዬ አልማዝ፦ የቄሱን ስልክ በውስጥ ልኬልሃለሁ።